ወንዝ የበላው ሚኒባስ

«ሙሳን! ሙሳዬን ወንዝ በላብኝ!»

ጩኸቱ የመጣው ከአጥሩ ማዶ ነው። ዓሊያ ከተቀመጠችበት ዘላ ተነሳች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታውቀው ድምፅ ነው፤ የጎረቤታቸው የእትዬ ሩቂያ። በሩ ላይ ከእናቷ ጋር ተጋጨች። እናቷ ሻሿን እንኳ በቅጡ ሳታስር ወደዚያው እየሮጠች ነበር።

«ምን ሆነ እማ?»

«ጀውሃ ወንዝ አንድ ሚኒባስ ከነተሳፋሪው ዋጠ አሉ። ልጇ ሙሳ ደግሞ ጠዋት በሚኒባሱ ሰው ጭኖ ወደ ጀውሃ ከተማ ነው የወጣው። ስልኩ አይሠራም። ያ ረቢ፣ ያንን የመሰለ ልጅ!»

እናቷ ወጣች። ዓሊያ ግን በሩ ላይ ቀረች። «ከነተሳፋሪው ዋጠ» የሚለውን አነጋገር ታውቀዋለች። ትናንት በገዛ እጇ ነው የጻፈችው።

ትናንት ዓርብ፣ የአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪያቸው ቲቸር ፀጋዬ ለፈተናው የሚሆኑ ዘይቤዎችን ሲያስረዳቸው ነበር። «ይቺኛዋን በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሰውኛ ትሏታላችሁ» አላቸው። «ድንጋዩ ሲቆጣ፣ ንፋሱ ሲያለቅስ፣ ወንዙ ሲርበው ማለት ነው። እስቲ የራሳችሁን ጻፉ። ከመጽሐፍ የገለበጠ ግን ዋ!» ዓሊያም በእንግሊዝኛ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ ጀውሃ ወንዝ በጋውን ሙሉ ሲርበው ከርሞ፣ ዝናቡ ሲመጣ አንድ ሚኒባስ ከነተሳፋሪው ዋጠ። ቲቸር ፀጋዬ ቆሞ ሁለቴ አነበበውና «ይሄ ነው እንግዲህ!» አለ። አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ዮርዳኖስ ደግሞ ክፍለ ጊዜው እንዳለቀ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«አሪፍ ናት እኮ! በአማርኛ አድርጌ ግሩፑ ላይ ልልቀቃት?»

«ልቀቂያት» አለች ዓሊያ። የተመሰገነ ሰው በደስታው መሀል ብዙ አይጠይቅም።

አሁን የክፍሉን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተች። ዮርዳኖስ ዛሬ ረፋድ ላይ ለቃዋለች። ግን የወንዙ ረሃብ የለም፤ ተቆርጦ ወጥቷል። የቀረው ይህ ብቻ ነው፦ «ጀውሃ ወንዝ አንድ ሚኒባስ ከነተሳፋሪው ዋጠ።» ከሥሩ አንድ ልጅ «የእውነት?» ሲል ጠይቋል። ዮርዳኖስም «አዎ በማርያም፣ አሁን ነው የሰማሁት» ብላ መልሳለች። ዓሊያ ገና እያነበበችው ጽሑፉ ከዓይኗ ሥር ጠፋ።

ወዲያው ደወለች።

«አጥፍቼዋለሁ» አለች ዮርዳኖስ፣ ሰላም እንኳ ሳትል።

«እትዬ ሩቂያ እያለቀሱ ነው! ልጃቸው ሙሳ በዚያ መስመር ነው የሚሠራው!»

«እኔ እኮ ለፉገራ ነው። ትንሽ አስደንግጫቸው፣ ፎገርኳችሁ ልል ነበር። ለካ ስክሪንሹት አድርገው በየቦታው በትነውታል። ዓሊያ፣ በናትሽ ዝም በይ። የሐሰት ወሬ የነዛ ይታሰራል እያሉ ነው። ማንም አያውቅም። ሙሳ ሲመጣ ነገሩ በራሱ ያልቃል።»

«ካልመጣስ?»

ስልኩ ተዘጋ።

የእትዬ ሩቂያ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ከበዋቸው ተቀምጠዋል፤ ወንዶቹ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ጀውሃ ያለ ዘመድ ጋ የደወለ ሁሉ መስመር አላገኘም። የእህል ነጋዴው ሐሚድ መሀል ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራል።

«አንድም ሰው አልተረፈም አሉ። ጎማው ወደ ላይ ተገልብጦ ታይቷል። ነጭ ሚኒባስ ነው አሉ።»

«የሙሳም ነጭ ነው!» አለች አንዷ፣ ለቅሶውም እንደገና ተነሳ።

ዓሊያ አጥሩን ተደግፋ ቆመች። የኔ ዓረፍተ ነገር ጎማ አልነበረውም፤ ቀለምም አልነበረውም። ማን ጨመረለት? ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ ቀና ብላ አየች። ሸዋ ሮቢት ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ተራራው ግን ጥቁር ደመና ለብሷል። እዚያ ላይ ሲዘንብ እዚህ ቆላው ላይ ሰማዩ ሳይጠቁር ጎርፍ እንደሚመጣ የማያውቅ የአገሩ ልጅ የለም። እውነት ቢሆንስ? እኔ የጻፍኩት ዕለቱን ጠብቆ ደርሶ ቢሆንስ? ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። ወሬው ሐሰት ነው ብላ ሙሳ በእርግጥ ሞቶ ከሆነ ደግሞ እናቱን ሁለቴ መግደል ነው።

ያም ሆኖ በሴቶቹ መሀል አልፋ እትዬ ሩቂያ ፊት ተንበረከከች።

«እትዬ ሩቂያ፣ የምነግርዎት አለ። ወሬው የተነሳው ከኔ ነው። ለእንግሊዝኛ ትምህርት የፈጠርኩት ዓረፍተ ነገር ነው። ወንዙን እንደ ሰው አድርጌ … ቀልድ መስሎ ግሩፕ ላይ ወጣ። ከዚያ ሰው አመነው።»

እትዬ ሩቂያ እጇን ጨመቁት።

«እንግዲያ ሙሳዬ ደህና ነው?»

«አዎ» ልትል አፏን ከፈተች። ምነው ባልኩት ብላ ተመኘች። ግን አታውቅም።

«እሱን አላውቅም፣ እትዬ። የማውቀው ወሬውን ብቻ ነው።»

«አትስሟት!» አለ ሐሚድ። «ጎማው ታየ እየተባለ!»

እትዬ ሩቂያ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠርገው ቀና አሉ። «ማን ነው ያየው ሐሚድ? ስሙን ንገረኝ።»

ሐሚድ ወደ ጎረቤቱ አየ፤ ጎረቤቱም ወደ ሌላው። ያም ቢሆን የእናት ልብ አልረጋም፤ ሁሉም ስልኩን መሞከሩን ቀጠለ። ለዓሊያ ሰዓቱ አልገፋ አላት። ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ ቁጭ አለች፤ እናቷም ከኋላዋ መጥታ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች።

በመጨረሻ የእትዬ ሩቂያ ስልክ ጮኸ። የማያውቁት ቁጥር ነው።

«እማ? ሙሳ ነኝ። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነው።»

«አልሐምዱ ሊላህ! አልሐምዱ ሊላህ!» ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣቸውም። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈቱት።

«ዛሬ ቶሎ አልመጣም» አለ ሙሳ። «ወንዝ የገባ ሚኒባስ አለ ተብሎ ስንፈልግ ነው የዋልነው። እስካሁን ምልክቱም አልተገኘም። አሁን ሦስት ልጆች ገመድ ታጥቀው ገብተዋል። ጎርፉ ደግሞ እየጨመረ ነው።»

ዓሊያ ስልኩን ከእትዬ ሩቂያ እጅ ልትነጥቅ ምንም አልቀራትም።

«ሙሳ! ዓሊያ ነኝ! አስወጧቸው! የገባ ሚኒባስ የለም፣ ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት! አሁኑኑ አስወጧቸው!»

ከወዲያ የሙሳ ጩኸት ተሰማ፤ «ሳቡ! ገመዱን ሳቡ!» የሚል። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ «ወጥተዋል» አለ። «አንዱ ብዙ ውሃ ጠጥቷል። ግን ተቀምጧል፣ ያወራል።» ሌላ ነገር ሳይጨምር ዘጋው።

እትዬ ሩቂያ ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«ተነሽ። መናኸሪያም ለተሳፈሩ ዘመዶቻቸው የሚያለቅሱ አሉ።»

«እርስዎም ይመጣሉ?»

«አንቺን ብቻሽን ማን ያምንሻል? ደግሞ አብሬሽ ሄድኩ ማለት ይቅር አልኩሽ ማለት አይደለም። እሱን ሲበርድልኝ እናያለን።»

«እሺ፣ እትዬ።»

ባጃጅ ይዘው ሄዱ። መናኸሪያው በር ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ከሩቅ ታየ። አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ አንድ ጎረምሳ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ «ይሄን የለቀቀው ማን እንደሆነ ይታወቅ!» እያለ ይጮኻል። ዓሊያ ስልኳን አውጥታ ለዮርዳኖስ ጻፈች፦

«መናኸሪያ ነኝ። ልነግራቸው ነው። የራሴን ድርሻ እናገራለሁ፤ ያንቺን ስም አልጠራም። ራስሽ መጥተሽ ብትናገሪ ግን ከጎንሽ እቆማለሁ።»

መልስ እስኪመጣ አልጠበቀችም። ስልኩን ኪሷ ከተተች፣ እትዬ ሩቂያን ደግፋ አወረደችና ወደሚጮኸው ጎረምሳ አመራች።