ጉብኝት አልሄድም ያለው እንግዳ

ሰውዬው ከአውቶቡስ ሲወርድ ሻንጣውን ያስያዘው የሰርጉን አዘጋጅ ነበር።

«ጎበዝ፣ እስቲ ይቺን ያዝልኝማ» አለና ጉርሻ አስጨብጧት አለፈ።

ሰማያዊ ኮት ለብሳ ነበር፤ የሆቴሉ ሻንጣ ተሸካሚዎችም የሚለብሱት ሰማያዊ ነው። ፀጉሯንም አጭር አድርጋ ተቆርጣለች። እንዲያም ሆኖ ሴት መሆኗ ከማንም ተሰውሮ አያውቅም። ተሸካሚዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ፊታቸውን አዞሩ። እሷ ግን ሻንጣውን ይዛ ገባች፤ እንግዳ ፊት አይቆጡም።

የሆቴሉ ሰዎች «ፕሮግራም» ይሏታል። ሥራዋ ከሩቅ የሚመጡ ሰዎችን ሰርግ ማዘጋጀት ነው። የሙሽራው ዘመዶች ከአንድ ከተማ፣ የሙሽሪት ከሌላ፣ ሰርጉ ደግሞ እዚህ፣ ሐይቁ ዳር። ሰው ያን ያህል ተጉዞ ለአንድ ቀን ብቻ አይመጣም፤ ቀደም ብሎ ይገባል፤ እሷም ታስጎበኘዋለች። በጀልባ ደሴቱን፣ በአውቶቡስ ፏፏቴውን፣ ጉልበት ያለውን ደግሞ በእግሩ አሮጌውን ምሽግ። እሷ ባዘጋጀችው ሰርግ ሆቴል ቁጭ ብሎ የሚውል እንግዳ የለም። ካለም ታሟል ማለት ነው።

እንግዶቹን ትወዳቸዋለች ማለት አይደለም። ፈገግ ትላለች፣ ትሸኛለች፣ አውቶቡሱ ሲታጠፍ ትረሳቸዋለች። ባሏ ትቷት ከሄደ ወዲህ ሰውን የምትይዘው እንደዚያ ነው። ተመችቷታል።

እራት ላይ ሙሽራው ወደ አንድ ጠረጴዛ ወሰዳት።

«አባዬ፣ ሰርጋችንን የምታዘጋጅልን እሷ ናት።»

ባለሻንጣው ነበር። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ልጁን ብቻውን ነው ያሳደገው። ይህን ሙሽራው አስቀድሞ ነግሯታል። ሰውዬው ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። ዓይኑ ግን እሷ ላይ አልነበረም። ከትከሻዋ አልፎ መጋረጃው ላይ ነበር።

«ተዋውቀናል» አለች ፕሮግራም። «ሻንጣዎን ያደረስኩልዎ እኔ ነኝ።»

ሰውዬው ክው አለ። «እርስዎ ነዎት? ምን ጉድ ነው... ይቅርታ ያድርጉልኝ!»

«ችግር የለም። ጉርሻው ጥሩ ነበር።»

ልጁ ሳቀ። አባትየው አልሳቀም፤ መጋረጃውን እያየ ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቀ።

«ነገ በጀልባ ነን» አለችው።

«እኔ እንኳን እቀራለሁ።»

«ከነገ ወዲያ ምሽጉን...»

«እሱንም ይተዉልኝ።»

«ፏፏቴውንስ? እዚህ ድረስ መጥቶ ፏፏቴ ሳያዩ መሄድ?»

«ብዙ አይቻለሁ በዕድሜዬ።»

ይህንንም ያለው መጋረጃውን እያየ ነው። መጋረጃው ያን ያህል አያምርም። ፕሮግራም ጥርሷን ነክሳ ፈገግ አለችና ሄደች። «ኩሩ!» አለች በሆዷ።

በማግስቱ ጀልባው ላይ የሙሽሪት አክስት አጠገቧ ተቀመጡ።

«ያ የሙሽራው አባት ምን ሆኖ ነው? ጠዋት ደረጃ ላይ ‹እንደምን አደርክ› ብዬው እንደ ግድግዳ አልፎኝ ሄደ! ልጃችንን ለማን ነው የሰጠናት?»

«ደክሟቸው ይሆናል፣ እማማ።»

«ተይ እባክሽ! ኩራት ነው። ልብስ ሰፍቶ እንዲህ የሆነ፣ ሚኒስትር ቢያደርጉት ምን ሊሆን ነበር?»

ፕሮግራም ተነሥታ እንግዶቹን መቁጠር ጀመረች። በሆዷ ግን ተስማማች። የሚገርመው ግን ጠዋት ጠዋት የሰውዬው ጠረጴዛ ጋ ሄዳ መቆሟ ነው። እንግዳ ማግባባት ሥራዬ ነው ትላለች ለራሷ። ሰውዬው ጨዋታ ያውቃል። እርምጃዋን ሲሰማ ገና ሳትናገር፣ «መጣች ፕሮግራም! ዛሬስ ማንን ልታንከራትቺ ነው?» ይላታል። ትስቃለች። ቀና ስትል ግን ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነው፤ ወይ በሩ ላይ፤ ወይ ከአበባ ማስቀመጫው ላይ። ሰው እንዴት ፊት እየነሳ ይቀልዳል?

የፏፏቴው ቀን እንግዶቹን ከአስጎብኚው ጋር ልካ እሷ ቀረች። ሰርጉ ነገ ነው፤ ወንበርና አበባ የሚያዘጋጁ ሰዎች ይመጣሉ። ከበረንዳው ወደ ሣሩ የሚያወርድ ሰፊ የድንጋይ ደረጃ አለ። ሙሽራው በአባቱ ታጅቦ የሚወርደው በዚያ ነው።

ሰውዬው ደረጃው ላይ ነበር። በጫማው ጫፍ ጠርዙን ፈለገ፣ አገኘው፣ ወረደ። ቀጣዩንም እንደዚያው። ታች ደርሶ ዞረና ወጣ። እንደገና ወረደ። ፕሮግራም ሣሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። ቀጥ ብሎ ወደ እሷ መጣ። ሊገጫት ምንም ሲቀረው፣

«ኧረ ቀስ!» አለች።

ደንግጦ ቆመ። «ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ኦ... ፕሮግራም! እዚህ ነበርሽ? እኔ እኮ እግሬን ላፍታታ ብዬ...»

ፕሮግራም ጫማውን አየች፤ ከዚያ የደረጃውን ጠርዝ።

«አያዩም እንዴ?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሰውዬው ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ዳር ዳሩን አያለሁ። መሀሉ ነው የጠፋብኝ። ፊት ለፊቴ የቆመን ሰው አላየውም። ወደ ጎን ሳይ ነው ብቅ የሚልልኝ። መልኩ አይለይም፤ ቁመናው፣ የልብሱ ቀለም፣ እሱ ይታየኛል።»

«ሐኪም ምን አለ?»

«አይድንም፤ እየከፋ ነው የሚሄደው አለ።»

ፕሮግራም አጠገቡ ተቀመጠች። ሌላ ሰው ቢሆን የሚያጽናና ነገር ይናገር ነበር። እሷ ግን ሌላ ነገር ነው የመጣባት።

«ታዲያ ያን ዕለት እራት ላይ መጋረጃውን ሲያዩ...»

«የምን መጋረጃ?»

«ከኋላዬ የነበረውን!»

«መጋረጃ መኖሩንም አላወቅኩም። አንቺን ነበር የማየው።»

መስኮቱ፣ በሩ፣ የአበባ ማስቀመጫው... አንድ በአንድ መጡባት።

«ሁልጊዜ እኮ ወደ ጎን ነበር የሚያዩት!» አለች።

«አዎ» አለ ሰውዬው። አፈር አለ። «ሁልጊዜ።»

ልቧ ድንግጥ አለ። በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ እሆናለሁ ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ሆነች።

«ልጅዎ ያውቃል?» አለች፣ ሌላ ነገር ለማለት ያህል።

«እንዳትነግሪው! ውጭ አገር ደህና ሥራ አግኝቷል። ከሰርጉ በኋላ ተያይዘው ሊሄዱ ነው። ካወቀ ይቀራል። ልጄን አውቀዋለሁ። ሰርጉ ይለፍ፣ ይሂዱ፣ ያኔ በስልክ እነግረዋለሁ። ቃል ስጪኝ።»

«ቃሌ ነው።»

«ተባረኪ።»

«በሉ አሁን ይነሡ።»

«ወዴት?»

«ጉብኝት። በኔ ሰርግ ሳይጎበኝ የሚሄድ እንግዳ የለም።»

ክንዷን ሰጠችው፤ ወደ ሐይቁ ወረዱ። ውሃው ጋ ሲደርሱ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ «ይህ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ምክንያት የተፈጠረ ሲሆን...» ብላ ጀመረች።

«እሱን ለአስጎብኚው ተዪለት። አንቺ ምን ይታይሻል?»

አየች። ለስንት ዓመት እዚህ ቆማለች፤ ግን ጀርባዋን ለውሃው ሰጥታ እንግዳ እንዳይጎድል ስትቆጥር ነው።

«አረንጓዴ ነው» አለች ግር ብሏት። «ሰማያዊ ይመስለኝ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የምትሠሪው?»

«አይጠይቁኝ!»

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ሳቁ ሲበርድ ሰውዬው ፊቱን ወደ ጀልባዎቹ መለሰ። አሁን ለምን እንደሆነ ስለገባት ፕሮግራም ኮቷን አስተካከለች።

«የግራ ትከሻሽ ዝቅ ያለ ነው» አላት። «ቦርሳ አብዝተሽበት ነው። ኮቱን የሰፋልሽ ሰው ይህን አላየም።»

የት እንደሚደክማት ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይሄኛው ሳይጠይቅ አወቀ። እንባዋ መጣ፤ ደግነቱ አያይም ብላ ጠረገችው።

«ከነገ ወዲያ ይሄዳሉ» አለችው።

«እሄዳለሁ።»

«መቅረት... አይቻልም?»

አፏ ላይ ከየት እንደመጣ አላወቀችም። ሰውዬው እጁን ከክንዷ ላይ ቀስ ብሎ አነሣ።

«አንቺ ሰው ስትመሪ ነው የምትውዪው። ቤትሽ ስትገቢም ሌላ የሚመራ ሰው እንዲጠብቅሽ አልፈልግም።»

«ማን ልምራዎት አለ?»

«ተዪው፣ ፕሮግራም።»

ተወችው።

ሰርጉ ያለ እንከን አለፈ። በደረጃው ጠርዝ ላይ ሁሉ ነጭ ጨርቅ አስነጥፋ ነበር። የሙሽሪት አክስት «እንዴት ያምራል!» ብለው ፎቶ አነሡት። ሰውዬው ነጩን እየተከተለ፣ ልጁን በክንዱ ይዞ፣ ቀጥ ብሎ ወረደ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ፕሮግራም ከአበባው ጀርባ ቆማ ትንፋሿን የለቀቀችው እግሩ ሣር ሲነካ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሙሽራው ብቻውን ወደ ቢሮዋ መጣ።

«አባቴ እንደማያይ ያውቃሉ፣ አይደል?»

«እኔ ምንም አላልኩም።»

«ጨርቁን አየሁት። ግን ከዚያ በፊትም አውቃለሁ። የሰርጌን ሱፍ ራሱ ነው የሰፋልኝ። ጥቁር ሱፍ ነው፤ አንዱን እጅጌ በቡናማ ክር ነው የሰፋው። እሱ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለም። ያኔ ገባኝ።»

«ታዲያ ለበስከው?»

«አባቴ እኮ ነው የሰፋው!» አለ ልጁ። «የውጭውን ሥራ ትቼዋለሁ። አንሄድም። አሁን ልነግረው ነው።»

ብዙም ሳይቆይ ሰውዬው ሻንጣውን አንጠልጥሎ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ ወረደ። ልጁ ከኋላው፣ «አባዬ፣ ስማኝ እንጂ! አስጨርሰኝ!» ይላል። አይሰማም። ፕሮግራም ፊት ሲደርስ ቆመ።

«ቃል ሰጥተሽኝ ነበር።»

«እኔ አልነገርኩትም...»

«ነጭ ጨርቅ አንጥፈሽ ለአገር ምድሩ ነገርሽ እንጂ! ልጄ ስለ እኔ ብሎ ዕድሉን ጣለ። ደስ አለሽ?»

ይህን ሲላት ቀጥ ብሎ ፊት ለፊቷ ነበር የሚያየው። ሊያያት አልፈለገም ማለት ነው።

አውቶቡሱ ሄደ። ፕሮግራም በሩ ላይ ቆማ እስኪታጠፍ ጠበቀች። ታጠፈ። ሰውዬው ግን ከሐሳቧ አልወጣ አለ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሰርጎች መጡ፣ ሌሎች እንግዶች ጎበኙ። ለአስጎብኚው እንኳ ምንም አልተናገረችም። ልደውል ትልና፣ «በደለኛው እሱ፣ ደዋይዋ እኔ?» ብላ ስልኩን ታስቀምጠዋለች። ኩራት የእሱ ብቻ አልነበረም።

በመጨረሻ የደወለችው ሙሽሪት ናት።

«የሰርጋችን ፎቶ ታጥቦ መጣ። መጥተው ይዩልን እንጂ!»

«ላኩልኝ።»

«እሺ፣ ፎቶው ሰበብ ነው» አለች ሙሽሪት። «ባለቤቴ ስለ ክሩ ለአባባ ነገራቸው። ስንት ቀን ከርመው ‹ፕሮግራምን በደልኳት› አሉ። ይደውሉላት ብንል እምቢ አሉ።»

«እምቢ ካሉ እኔ ምን ላድርግ?» ብላ ዘጋችው።

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረች።

የሰውዬው ቤት በራፍ ላይ የቀለም ጣሳዎች ተደርድረዋል። እሱ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። እርምጃዋን ሲሰማ ብድግ አለ፤ ከዚያም ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

«ኧረ አባባ፣ እንግዳዋ በዚህ በኩል ናት!» አለች ሙሽሪት።

«ተዪው» አለች ፕሮግራም። «እያየኝ ነው።»

ሻይ ተጠጣ፣ ፎቶው ታየ። በኋላ ሰውዬው ተነሣ።

«ነይ፣ ሰፈሬን ላስጎብኝሽ።»

«ምን የሚታይ አለ?»

«ምንም የሚታይ የለም። ነይ።»

መንገዱን እግሩ ያውቀዋል። «እዚህ ጋ ድንጋዩ ተነቅሏል፣ በቀኝ እለፊ» ይላታል። «ይሄ ዳቦ ቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ነገረኛ ነው፣ ሰላም እንዳትዪው።» የእሱ ልብስ ስፌት ቤት ጋ ሲደርሱ በሩ ተዘግቷል፤ የስፌት መኪናውን ለአንድ ወዳጁ ሰጥቶታል። ደጃፉ ላይ ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«በደልኩሽ» አላት።

«በድለውኛል።»

«ይቅር በይኝ።»

«ለምን አልደወሉም?»

«ሂዱ እያልኩ ስጨቀጭቀው ልጄ ‹ሰው ካገኘህ እንሄዳለን፣ ካላገኘህ እንቀራለን› ይለኝ ነበር። ያኔ ብደውልልሽ ምን ልትሆኚ ነው? ልጄን መሸኛ! አስታማሚ የምፈልግ ነው የሚመስለው።»

«አሁንስ?»

«እዚሁ ሥራ ይዟል። የውጭውን ያህል አይከፈለውም፤ ግን ይዟል። አየሽው አይደል፣ አብረን ልንኖርበት ቤቱን እየቀቡት ነው። የሚያበላኝ አለ። ሐኪም ቤት የሚወስደኝ አለ። አሁን ማንም አያስፈልገኝም።»

ፕሮግራምን ሆድ ባሳት። ይህን ልትሰማ ነው እንዴ ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው?

«እንግዲያው ደህና ነዎት» አለች። ቦርሳዋን ይዛ ተነሣች።

«ቁጭ በይ፣ አልጨረስኩም!» አለ። «ማንም ስለማያስፈልገኝ ነው ልጠይቅሽ የምችለው። ምሪኝ፣ ዓይን ሁኚኝ ልልሽ አይደለም። አንቺን ፈልጌ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ትናንት ልደውል ነበር፤ ቀደምሽኝ... ልጠይቅሽ?»

ፕሮግራም ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠችና ተመልሳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጠይቀኝ» አለችው።

ጠየቃት። እሺ አለችው።