ሽርጡ የተሰቀለበት ስንጥቅ

ሬዲዮ ጠጋኙ ሊበን በሥራ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ተገኘ። ማጅራቱን በገዛ መዶሻው ተመትቷል። ጦርነቱ ካበቃ ዓመት አልሞላም፤ ድሬዳዋ ውስጥ በሞት የሚደነግጥ ሰው ጠፍቶ ነበር። መቶ አለቃ ማዘንጊያ ግን አሁንም ይደነግጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ በወንጀል ምርመራ ሠርቶ ይህን አመሉን ባለመተዉ ሹመት እንደራቀው ቀርቷል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሲደርስ ነገሩ አልቆ ጠበቀው። የግቢው ዘበኛ ሚሬ ታስሯል። ያሳሰረው የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ጓድ ደርበው ነው።

«ትናንት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከቀፊራ ገበያ ሆኜ በሬዲዮ አነጋግሬዋለሁ» አለ ደርበው፣ ወገቡ ላይ ያንጠለጠለውን የእጅ ሬዲዮ መታ መታ እያደረገ። «በሕይወት ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞቶ ተገኘ። በዚያ መሐል ግቢው ውስጥ ከሚሬ በቀር ማን ነበር?»

«ሊበን ምን አለህ?»

«‹በሩን ዘግቼ የጥበቃውን ሬዲዮ እየሞከርኩ ነው› አለኝ። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሚሬ ላይ አብዮታዊ እርምጃ ይወሰዳል። እስከዚያ የፈለግከውን ጻፍ።»

ማዘንጊያ ሰዓቱን አየ። አራት ሰዓት ነው፤ ለሚሬ የቀረው ሰባት ሰዓት ብቻ ነው።

የሊበን ክፍል ግድግዳው፣ ጣሪያውና በሩ ሁሉ ብረት የሆነ አሮጌ መጋዘን ነው። መስኮት የለውም። በጓሮው በኩል ብቻ አንድ ሜትር የሚረዝም፣ ጣት በግድ የሚያስገባ ስንጥቅ በግድግዳው ላይ አግድም ተቆርጧል። ልክ መሐሉ ላይ ወፍራም የብረት መንጠቆ ተሰክቶ የላይና የታች ጠርዙን ነክሶ ይዟል። መንጠቆው ላይ በክፍሉ ውስጥ በኩል ሽርጥ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ አቧራው ላይ የደረቁ የውሃ ጠብታዎች ተደርድረዋል፤ የረገጣቸው የለም።

ማዘንጊያ የሟቹን ሚስት ፋርሒያን አስጠራት።

«እህቴ፣ ይህን ሽርጥ ማን ሰቀለው?»

«እኔ ነኝ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አጥቤ ሰቀልኩና እናቴ ዘንድ ሄድኩ። እርጥብ ጨርቅ ነፋስ ሲነካው ቤቱ ይበርዳል። የድሬን ሙቀት አንተም ታውቀዋለህ አቦ።» እንደ አገሯ ልማድ «አንተ» አለችው፤ እሱም ለምዶታል።

«ስንጥቁን ለነፋስ ብሎ ነው የቆረጠው?»

«ወላሂ አይደለም። ብረት ቤት የመረጠው የከተማው ጣቢያ ሁሉ እየገባ እንዳይረብሸው ነው። ከዚያ ለእነዚህ ለእጅ ሬዲዮዎች ብቻ መግቢያ አበጃለሁ አለ። መጀመሪያ ቁልቁል ቆረጠው፤ እምቢ አለው። በብየዳ ደፈነና አግድም ቆረጠ። አጠረው፣ ጨመረበት። ሜትር ሲሞላ ሬዲዮው ጮኸ! ‹እንደ ዑድ ክር ነው፤ ልኩን ሲያገኝ ይዘምራል› አለኝ። ያን ቀን ደስታው የልጅ ነበር።» ዓይኗን በሻሿ ጠረገች።

«መንጠቆው ሲሰካስ?»

«ድምፁ ጭጭ ይላል። ሬዲዮ ሲሞክር ሽርጡን ከነመንጠቆው አውልቆ በእጄ ይሰጠኛል።»

«ሊበን በቅርቡ በሬዲዮ የሰማው ነገር አለ?»

ፋርሒያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ባለፈው ሳምንት ደርበው በሬዲዮ ‹ኬላው ላይ የያዛችሁትን የኮንትሮባንድ መኪና ልቀቁት› ሲል ሰማ። ‹የሰማሁትን እናገራለሁ› ብሎ ለራሱ ለደርበው በፊቱ ነገረው።»

ማዘንጊያ ወደ እስር ቤቱ ሄደ። ሚሬ ፊቱ አብጧል።

«ሰባት ሰዓት ላይ ሶላት ሄድኩ፤ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ» አለ። «ከተመለስኩ በኋላ ማንም አልገባም። ለምን ልዋሽ አቦ?»

ቢዋሽ ይሻለው ነበር። ማዘንጊያ ይህን ሊነግረው ፈልጎ ተወው። «ከአሥራ አንድ በፊት አስፈታሃለሁ» አለው፤ ወዲያው ደግሞ በአፉ መፍጠን ተጸጸተ።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ብረት ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ፋርሒያ፣ የሚሬ እናት ኢስታር፣ ደርበውና ጠብመንጃ የያዙ ሁለት ጥበቃዎቹ። ኢስታር አማርኛ እምብዛም አትሰማም፤ ልጇን ሊያስፈቱላት እንደተሰበሰቡ ግን ገብቷታል።

ማዘንጊያ በሩን ዘጋ። የደርበውን ሬዲዮ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አቆመው።

«አንድ ፖሊስ ቀፊራ ቆሞ በእጅ ሬዲዮ ቁጥር እየቆጠረ ነው። ይሰማችኋል?»

ምንም የለም።

«ብረቱ አያስገባም። ስንጥቁ ግን ለዚህ ሞገድ በልኩ የተሠራ በር ነው። መንጠቆው መሐሉ ላይ ሁለቱን ጠርዝ ሲያገናኝ በሩ ይዘጋል። ፋርሒያ መንጠቆውን ስድስት ተኩል ላይ ሰካችው፤ አስከሬኑ ሲገኝም እዚያው ነበር። ሽርጡ እንዳንጠባጠበ እዚያው ደርቋል፤ ጠብታውን የረገጠ የለም። ታዲያ በዝግ በር ሊበን ስምንት ተኩል ላይ በየት በኩል አነጋገረህ?»

ደርበው ወደ መንጠቆው ተመለከተ።

«አላነጋገረህም። ሞቶ ነበር። ሚሬ ሶላት በሄደበት ግማሽ ሰዓት ገብተህ ገደልከው። ያልነበረውን ንግግር የፈጠርከው ሞቱን ሚሬ ብቻውን ወደነበረበት ሰዓት ለመግፋት ነው። የስንጥቁን ጥቅም ታውቃለህ፤ የሽርጡን ግን አላወቅህም። አሁን እዩ።»

መንጠቆውን ነቀለ።

«...አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት...» አለ ሬዲዮው። ፋርሒያ ጮኸች። ኢስታር በደስታ አጨበጨበች። ማዘንጊያም ለአንድ አፍታ ደስ አለው።

ከዚያ ሌላ ድምፅ ገባ። «መስመሩን ልቀቅ! ጓድ ደርበው፣ ስንጠራህ አትሰማም እንዴ? በዘበኛው በሚሬ ላይ እርምጃው እንዲፋጠን ባዘዝከው መሠረት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተፈጽሟል።»

ደርበው ሬዲዮውን አንስቶ ወገቡ ላይ አንጠለጠለ። «ጨረስክ?» አለ። መልስ ሳይጠብቅ በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ጥበቃዎቹም ተከተሉት። ማዘንጊያ ደርበውን የሚያስይዝለት ሹም፣ የሚከስበት ችሎት በሐሳቡ ፈለገ። ሁሉም የደርበው ወዳጆች ናቸው። እጁ ላይ የቀረው መንጠቆው ብቻ ነው።

ኢስታር እጅጌውን ያዘችው።

«‹ሚሬ› አለ፤ ሰምቻለሁ። ለቀቁት?»

ማዘንጊያ መንጠቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መልሱን ፋርሒያ በሶማሊኛ ነገረቻት።