የቀርከሃው ሸምቀቆ

ካሣሁን ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ሁለት ጥርሶቹ ተሰብረዋል፤ ጥፍሮቹ ሥር ደም አለ፤ ናይለን ገመዱ አንገቱ ውስጥ ሰምጧል። ከጊዮርጊስ ቁልቁል ባለው በዚህ የጨርቅ ሱቅ የጓዳው ቆርቆሮ ያፈሳል፤ የቀትሩ ዝናብ ሬሳው ላይ ይንጠባጠባል።

ኢንስፔክተር ምብራት አማተበች። «ራሱን የሚሰቅል ሰው ጥርሱን አይሰብርም» አለች።

ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሦስት ናቸው፤ የሟቹ ሸሪክ መሓሪ፣ ልብስ ሰፊዋ ተስኒምና ደላላው ዑዘይር።

«እሷ ናት» አለ መሓሪ። «ጠዋት ስትጮህበት ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።»

የተስኒም እጆች በካቴና ታስረዋል።

«ምን አጣላችሁ?» አለቻት ምብራት።

«ጋሽ መሓሪና ጋሽ ካሣሁን ቀርከሃን ክር የሚያደርግ ፋብሪካ ሊከፍቱ ነበር፤ እኔም የስፌት ኃላፊ ልሆን። ጋሽ ካሣሁን ግን አልፈርምም አለ። ‹ቀርከሃው አረንጓዴ ነው፤ ሟሙቶ ክር የሚሆነው ግን በመርዝ ነው። ፍሳሹ እናቴ የምትጠጣው ወንዝ ውስጥ ይገባል› አለኝ። እንጀራዬን ነጠቅከኝ ብዬ ጮህኩበት። አልነካሁትም።»

«እርስዎስ?» አለችው ዑዘይርን።

«እኔ መሬት ነው የማሻሽጠው እትዬ፤ ወንዝ አልነካሁም። ለኮሚሽን ሰው ቢሰቀልማ ፒያሳ ላይ ማን ይተርፍ ነበር?»

ምብራት አልሳቀችም። ጠረጴዛው ላይ ሱቁ ከሚሸጠው የቀርከሃ ጨርቅ የተቋጠረ ሸምቀቆ አየች፤ ሳይሠራበት በጣሪያው ውሃ ርሷል። ናይለን ገመዱ ደግሞ ከፊት ለፊት ክፍል፣ ከእቃ ላይ የተፈታ ነው።

ሦስቱንም አቆመቻቸው። በራሰው ሸምቀቆ የከሰል ካውያ አስራ ከእግራቸው በላይ ያዘች።

«ስለዚህ ጨርቅ ለደንበኛ ምን ትላላችሁ?»

«ውሃ ሲነካው ይጠነክራል» አለች ተስኒም። «ጋሽ መሓሪ በሉ ያለን ነው። ትናንት የገባ ነው፤ አጥቤው አላውቅም።»

ምብራት ካውያውን ነቅነቅ አደረገችው። ጨርቁ ተበጠሰ፤ ብረቱ ሲሚንቶውን ፈለጠው። ዑዘይር የጫማውን ጫፍ አየ፤ ለጥቂት ነበር የሳተው።

«አቶ መሓሪ፣ ከመበጠሱ በፊት እግርዎን የሰበሰቡት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ምብራት የተበጠሰውን ሸምቀቆ ከወለሉ አነሳች።

«ገዳዩ ካሣሁንን ደብድቦ አነቀው። ራሱን የሰቀለ እንዲመስል ከሱቁ ጨርቅ ሸምቀቆ ቋጠረ። ጣሪያው አፈሰሰና ጨርቁ ራሰ። የማያውቅ ሰው በዚያው ይሰቅለው ነበር። ይህ ጨርቅ ሲርስ እንደሚደክም የሚያውቅ ግን ትቶት ገመድ ፈለገ። ተስኒም አታውቅም፤ ዑዘይርም ንቅንቅ አላለም። የጨርቁን ነውር ያወቀ፣ የወንዙንም ያውቃል። አሁን እጅጌዎን ይሰብስቡ፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ደም ባለቤት አለው።»

መሓሪ እጅጌውን አልነካም። የስፌት መቀሱን አፈፍ አድርጎ ወደ ተስኒም አንገት ሰነዘረ። የታሰሩ እጆቿን አነሳች፤ መቀሱ መዳፏን በሳ። ምብራት ካውያውን አንስታ የእጁ አንጓ ላይ አሳረፈችበት። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ።

«ለአንድ ወንዝ ብሎ» አለ መሓሪ ተንበርክኮ፣ «ሁላችንንም ሊያደኸየን።»

ምብራት የተስኒምን ካቴና ፈታች።

«ታዲያ ፋብሪካው ቀረ ማለት ነው?» አለ ዑዘይር ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ተስኒም የሚደማ መዳፏን በሌላው እጇ ጨብጣ ወደ ሬሳው ቀና አለች።

«ቀረ። ወንዙን እናቱ ትጠጣዋለች አላልኳችሁም?»