በቀትር የጋበዝኳት ሴት

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ከፈለጋችሁ የወረታን ሰው ጠይቁ፣ ልጅ ሆነን ጓደኞቼ ወንዝ ዳር ጋኔን አየን ብለው እግሬ አውጪኝ ሲሉ ቆሜ የምስቅባቸው እኔ ነበርኩ፣ ካገባሁ በኋላም አማቴ «እርጉዝ ናትና ክታብ ትሰር» ሲሉኝ «እማማ፣ ይልቅ አጎበሩን በደንብ እንወጥረው፣ እዚህ አገር ሰው የሚጨርሰው ትንኝ ነው» እያልኩ አሾፍ ነበር። አሁንም አመንኩ አልላችሁም። የሆነውን ብቻ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ፣ እኔ መፍረድ አቅቶኛል።

ሥራዬ ፊልም መተርጎም ነው። መተርጎም ስል ግን አትሳሳቱ፣ ከአማርኛ በቀር አንድም ቋንቋ አላውቅም። የውጭ ፊልም ይመጣልኛል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ እያየሁ በአማርኛ እተርክበታለሁ፣ ወንዱም ሴቷም ሕፃኑም እኔው ነኝ፣ ያልገባኝን ከራሴ እፈጥራለሁ፣ ቀልድ ጣል አደርግበታለሁ፣ የሰፈር ስም አስገባበታለሁ፣ ከዚያ ስልክ ላይ ፊልም የሚጭኑት ልጆች ይወስዱታል። ገበሬው ሩዝ ሊያስፈለፍል መጥቶ ወረፋ ሲጠብቅ በስልኩ የሚያየው የእኔን ነው፣ እናቴ ትሙት፣ ድምፄን ሰምተው መንገድ ላይ የሚያቅፉኝ ሁሉ አሉ።

ባለፈው ክረምት ታዲያ ባሕር ዳር ያለ ጓደኛዬ አንድ ፍላሽ ላከልኝ፣ የድሮ የአውሮፓ ፊልሞች፣ ስለ ደም መጣጮች። ደም መጣጭ ሲለኝ ጥርሱን አግጥጦ ሰው የሚያሳድድ አውሬ ነበር የጠበቅኩት። ኧረ ምን! ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴትዮ፣ ሰው የሌለበት ትልቅ ሆቴል፣ ውጪ ባሕር፣ ውስጥ እስከ ወለል የሚወርድ መጋረጃ፣ ከዚያ ዝምታ። ማንም አይሮጥም፣ ማንም ውሃ አይቀዳም፣ «ኧረ ቶሎ በሉ» የሚል የለም። ሴትዮዋ ጓንቷን ጣት በጣት እያላቀቀች ታወልቃለች፣ ሰውየውን ታየዋለች፣ ዝም ብላ ብቻ ታየዋለች፣ ደቂቃ ሙሉ፣ ከዚያ ወደ አንገቱ ጎንበስ ስትል ሰውየው አይጮህም፣ ዓይኑን ይጨፍናል እንጂ። አፍሬ ነው የምነግራችሁ፣ እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ታይቼ አላውቅም። እኛ አገር ባልና ሚስት በሰው ፊት ዓይን ለዓይን አይተያዩም፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ደግሞ ደክሟቸዋል። እናንዬን፣ ሚስቴን ማለቴ ነው፣ እወዳታለሁ፣ ደግ ናት፣ ግን ከተጋባን ጀምሮ ስታናግረኝ መሬት መሬቱን ነው የምታየው። ያንን ፊልም አየሁት፣ ደገምኩት፣ ሰለስኩት፣ እሷ ስትገባ ላፕቶፑን እከድነዋለሁ፣ «ምንድን ነው እሱ?» ስትለኝ «የሥራ ነው» እላታለሁ። አንድም ቀን አላሳየኋትም።

ጳጉሜ ላይ እናንዬ ወንድ ልጅ ተገላገለች፣ አማቴም ከገጠር፣ ከቁሐር ሚካኤል መጥተው አብረውን ሰነበቱ። መስከረም አጋማሽ ላይ ግን የሩዙ አረም አጣደፋቸው፣ አንድ ቀን ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው «ዛሬ ማሳው ሰው አጥቷል፣ ደርሼ እስክመለስ አንተ ከአጠገቧ ሁን፣ አራስ ብቻዋን አትተውም፣ ቀትር ላይማ እንዳትለያት ብየሃለሁ» አሉኝ። «እሺ እማማ፣ አልለያትም» አልኩ።

ቤታችን ከሩዝ መፈልፈያው ጀርባ ነው፣ ሁለት ክፍል፣ በሩ ሰማያዊ። እናንዬ ውስጠኛው ክፍል ከልጁ ጋር አጎበር ውስጥ ተኝታለች፣ እኔ በውጨኛው ክፍል ድምፅ እንዳይገባ ብርድ ልብስ የሰቀልኩበት ጥግ አለችኝ፣ እዚያ ነው የምቀርጸው። በእኔና በእሷ መሃል አንድ መጋረጃ ብቻ ነው ያለው፣ ከአጠገቧ ነኝ እኮ፣ ምን አለበት ብዬ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፋሁ።

ሴትዮዋ የንጋት ፀሐይ በመጋረጃው ሲገባ የምትሸሽበት ቦታ ደረስኩ። አሁን ይሄን ምን ብዬ ልተርከው? ፀሐይ የሚፈራ ክፉ መንፈስ አለ ብል የእኛ ሰው ይስቅብኛል፣ እኛ ዘንድ ክፉ ነገር የሚወጣው በቀትር እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። ስለዚህ ቀየርኩት። ስሟን ስለማላውቅ «እትዬ» ብያት ነበር፣ ድምፄን አቅጥኜ በእሷ አፍ «እኔን ፀሐይ አታስፈራኝም፣ የምመጣው በቀትር ነው፣ ብቻ ቤትህን ንገረኝ» አልኩ። በሰውየው አፍ ደግሞ፣ ወረታዎች እንዲስቁልኝ ብዬ እኮ ነው፣ «ከሩዝ መፈልፈያው ጀርባ፣ ሰማያዊው በር፣ ግቢ እትዬ፣ ቤትሽ ነው» አልኩ። ሰዓቱን ሳየው ልክ ስድስት ይላል።

መጀመሪያ የመፈልፈያው ሞተር ቀጥ አለ። መብራት ሄደ አልኩና ቀጠልኩ። ቆይቶ በማዳመጫው ውስጥ፣ ሰው ደጃችን ላይ የታቆረውን ውሃ ቀስ እያለ ሲረግጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ፣ ጎረቤት አራስ ልትጠይቅ መጣች አልኩ። በሩ ሲጥ አለ። ከብርድ ልብሱ ማዶ ረጅም ጨርቅ መሬት ላይ እየተጎተተ አለፈ። ማዳመጫውን አወለቅኩ፣ ጭጭ፣ ዶሮ እንኳ የለም። መልሼ ደፋሁት፣ እናንዬ ትስቃለች። እመኑኝ፣ ከወለደች ጀምሮ ጥርሷን አላየሁትም፣ እንዲህ ያለ ሳቅማ ከነጭራሹ ሰምቼባት አላውቅም፣ ዝቅ ያለ፣ ሰው ጆሮ ስር የሚሳቅ ሳቅ። ተነስ ተነስ ይለኛል፣ አልተነሳሁም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፍርሃት ብቻ አልነበረም የያዘኝ፣ መስማትም ፈልጌ ነበር።

ያስነሳኝ የልጁ ለቅሶ ነው። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። አጎበሩ ተገልጦ ወደ ራስጌ ተጠቅልሏል፣ እናንዬ ቁጭ ብላለች፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፣ ልጁ እግሯ ስር ተኝቶ ይጮሃል።

«ይርጋ፣ እንግዳዋን ምነው ሳትቀመጥ ሸኘሃት?» አለችኝ።

«የቷን እንግዳ?»

«እትዬን ነዋ። አንተ አይደለህ እንዴ ግቢ ያልካት?»

ክው አልኩ። ሰምታኝ ይሆናል አልኩ በልቤ፣ መጋረጃ ነው መሃላችን ያለው፣ ድምፄን ሰምታ ነው። «ምን ትመስላለች?» አልኳት።

«ቀይ ለብሳለች። ጓንቴን አውልቂልኝ አለችኝ፣ ጣት በጣት እያላቀቅኩ አወለቅኩላት። እጇ ቀዝቃዛ ነው። ‹እሱ የሚፈልገው እንደኔ የምታየውን ሴት ነው፣ ላስተምርሽ ወይ?› አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«እሺ አልኳታ!»

ይህን ብላ ቀና አለችና አየችኝ። ቁሐር ሚካኤልን፣ ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። አንገቷ ላይ ሁለት ቀያይ ነጥቦች አሉ፣ ትንኝ ነው አልኩ፣ አጎበሩ ተገልጦ የለ። ወለሉን ሳይ ግን የጭቃ ዱካ አለ፣ ተረከዙ እንደ ጣት የቀጠነ ጫማ፣ በመስከረም ጭቃ እዚህ ፎገራ ላይ እንዲህ ያለ ጫማ የሚያደርግ ማን አለ? ዱካው ከበሩ ተነስቶ እስከ አልጋው ይሄዳል፣ የተመለሰበት ግን የለም። በነጠላ ጫማዬ አሽቼ አጠፋሁት፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ቀረጻውን ሳላቆመው ነበር የተነሳሁት፣ ስለዚህ አማቴ ሳይመለሱ መልሼ ሰማሁት። የኔ ድምፅ «ቤትሽ ነው» ይላል፣ ዝምታ፣ የልጁ ለቅሶ፣ ወንበሬ ሲንቋቋ፣ ከዚያ ከሩቅ እኔና እናንዬ ስናወራ። ያ ከሩቅ እየተሰማ፣ እናንዬ ውስጥ ከእኔ ጋር እያወራች፣ ያው የእናንዬ ድምፅ ከማይኩ አፍ ላይ ሆኖ ቀስ ብሎ «ከእንግዲህ እኔን ብቻ ነው የሚያየው» አለ። ፊልሙንም ቀረጻውንም አጠፋሁ፣ ፍላሹን ሰበርኩት፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

አሁን ልጁ ክርስትና ከተነሳ ሰንብቷል። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ «ወላድ ላይ አንዳንዴ የሚያጋጥም ሕመም አለ፣ አምጣትና እንያት» ብላኛለች፣ አማቴ ደግሞ ጣራ ገዳም ጠበል ትግባ ይላሉ። እናንዬ ትበላለች፣ ትሠራለች፣ ቤቱን ታጸዳለች፣ ልጁንም ታጠባለች፣ ግን አታየውም። ጡቷን ትሰጠውና በራሱ ላይ አሻግራ የምታየው እኔን ነው፣ እሱ በዚያች ትንሽ እጁ አገጯን እየዳሰሰ ፊቷን ይፈልጋል፣ አንዴ እንኳ ዝቅ ብላ አታየውም። ትናንት አማቴ እጄን ይዘው አለቀሱ። «ልጄ ይርጋ፣ ይች የማውቃት ልጄ አይደለችም፣ ይህ ሕፃን የእናት ፊት ሳያይ ሊያድግ ነው፣ ወይ ሐኪም ቤት ወይ ጠበል፣ ውሰዳት በሞቴ» አሉኝ። «ነገ በጠዋት እማማ» አልኳቸው። ይህን ነገ ስላቸው ወር ሆነኝ፣ መንገዱ ርቆ አይደለም፣ መኪናም ጠፍቶ አይደለም። ድና እንደ ድሮዋ መሬት መሬቱን ብታይስ እያልኩ ነው።

ይኸው አሁን ይህን ሳወራችሁ ልጁ ያለቅሳል፣ እሷ ከፊቴ ተቀምጣ ታየኛለች፣ እኔም ሄጄ አላነሳውም፣ ከተነሳሁ ዓይኗን ትነቅልብኛለች ብዬ እፈራለሁ።