አንገቷ ውስጥ የተደበቀው ሕመም

ልብስ ሰፊውና ሚስቱ ሰፈሩ ሁሉ የሚቀናባቸው ጥንዶች ነበሩ። እሱ ሲሰፋ እሷ ቁልፍ ትተክላለች፤ እሱ ሲቆጣ እሷ ትስቃለች። ኩላሊቷ ከድቷት ደሟ በማሽን መታጠብ ከጀመረ በኋላ እንኳ ክንዷን ደግፎ ሆስፒታል ያመላልሳት ነበር። ከዚያ ግን ማሳከኩ መጣ። ገላዋ ላይ አንዳች ሽፍታ ሳይታይ ራሷን ስትቧጭር ታድራለች፤ አንሶላው በደም ይዥጎረጎራል። ደግሞ አጥንቴን አለች፣ ጉልበቴን አለች… የሰው ልጅ አንጀት እስከ መቼ ይራራል? መጀመሪያ አዘነላት፣ ቀጥሎ ሰለቸችው፣ በመጨረሻ ተጸየፋት! ፍራሹን ተሸክሞ መስፊያ ክፍሉ ገባ።

የእጥበት ክፍሏ ነርስ፣ «አንገትሽን አልትራሳውንድ ተነሺ» ብትላት፣ ደረጃ መውጣት አቅቷት ነበርና ባሏን ለመነችው።

«አብረኸኝ ትሄዳለህ?»

«የሚያሳክክሽ ገላሽ፣ የሚታየው አንገትሽ! ነገ ደግሞ ጥርሴን ትዪኛለሽ» ብሎ መቀሱን አነሳ።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ጫማዋን ልታደርግ ጎንበስ ስትል የጎድን አጥንቷ ቋ ብሎ ተሰበረ። ያኔ ደንግጦ አቅፎ ሆስፒታል ወሰዳት።

ሐኪሟ የቀረውን አልትራሳውንድ ልታነሳት አንገቷን ጄል ቀብታ መሣሪያውን በቀስታ አንሸራተተች። ስክሪኑ ላይ ጠቆር ያሉ ሞላላ ነገሮች ብቅ አሉ።

«እነዚህ ከእንቅርት እጢ ጀርባ ያሉ እጢዎች ናቸው። የሩዝ ፍሬ ማከል ነበረባቸው፤ ኩላሊት ሲደክም ግን ያብጣሉ። ይኸው ባቄላ አክለዋል! ካልሲየሙን ከውስጡ እያወጡ አጥንቷን የጨረሱት እነሱ ናቸው፤ ማሳከኩም ከዚሁ ሊሆን ይችላል። ምነው እስካሁን ዘገያችሁ?»



«ሥራ በዝቶበት ነው፣ ዶክተር» አለች ሚስቱ ባሏን ቀድማ።

ምነው በሰደበችው! ምነው በሰው ፊት ባዋረደችው!

የዚያን ዕለት ፍራሹን ወደ መኝታ ቤት መለሰ።

«ተው፣ እንቅልፍ ታጣለህ።»

«ልጣ!» አለና እጇ ላይ ተደፍቶ ተንሰቀሰቀ።

እሷም እንባዋን እየጠረገች ፈገግ አለች። «እንግዲያው ጀርባዬን እከክልኝ… እዚያ እጄ አይደርስም።»

እጢዎቹ የሚወጡበት የቀዶ ጥገና ቀን ተቆረጠላት። በሕመሙ የደከመ ልቧ ግን ቀኑን መጠበቅ አልቻለም፤ እጥበት ላይ እንዳለች፣ እጁን እንደያዘች ጸጥ አለች…

ሞቷን ዕጣ ፈንታ ነው ብለን እንቀበለው። ብቻዋን ስትቃትት ያደረችባቸውን ሌሊቶችስ በማን እናሳብብ?