ስም መጻፍ አያስፈልግም

ልዕልት ሰማኸኝን የሰደበችው ኅዳር አሥራ ስድስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ በኋላ ነው። እሱ ሰዓቷን እንኳ አልረሳትም፤ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ነበር። የክፍል አለቃ ነውና የረባሾችን ስም ጽፎ ለመምህሩ ሰጥቷል፤ የእሷም ስም ነበረበት። መምህሩ እንደወጣ ብድግ ብላ፣ ስልሳ ሁለት ተማሪ እየሰማ፣ «ምን ይደረግ፣ ጠቋሚነት በዘር ነው። አባትህን ጠይቃቸው!» አለችው።

«አቦ ልዕልት፣ ገደልሽው!» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያቺን ቃል እንደ እሾህ ይዟት ዞረ። የምታመው ደግሞ ሐሰት ስላልሆነች ነው።

ዛሬ የክፍሉን ደብተር ሰብስቦ፣ እስከ አገጩ ተሸክሞ መምህራን ማረፊያ ሲገባ አንድም መምህር የለም። መስኮቱ ሥር የተቀመጠው አያልነህ ነው፤ የፓርቲው አደራጅ።

«ና ግባ ጎበዝ። የአቶ መንግሥቴ ልጅ አይደለህ? አባትህ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ሲጠየቁ አያስቸግሩም።»

ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ቀበሌው በር ላይ ከተሰቀለው የአስተያየት ሳጥን የተገኘ ነው። ሳጥኑን ሰማኸኝም ያውቀዋል፤ በቀይ ቀለም «ስም መጻፍ አያስፈልግም» ተብሎበታል። ወረቀቱ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ማዳበሪያ ለአባል ብቻ ሲታደል ሌላው ገበሬ ምን ይሁን? አዛናውስ የት ገባ?

«ቃሉ የገበሬ ነው» አለ አያልነህ። «ፊደሉ ግን የተማሪ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ልጅ አስቀምጦ እንደሚያጽፍ እናውቃለን። ጸሐፊው ከተገኘ ያጻፈው የትም አይሄድ። አንተ ደብተር ሰብሳቢ ነህ፤ የሁሉንም እጅ ታውቃለህ።»

ሰማኸኝ ገና ሳያነበው አውቆታል። የ«ለ»ን አንድ እግር ከመስመሩ በታች እንደ ሥር የምትሰድ ልዕልት ብቻ ናት። ደብተሯ ከታቀፈው ክምር ከላይ ሦስተኛው ነው።

መጀመሪያ የመጣበት ደስታ ነበር። «አገኘሁሽ!» አለ በልቡ።

ቀጥሎ ግን የአዛናው ማሳ መጣበት። አምና ቁሐር ሚካኤል በተደረገ ስብሰባ፣ ከሕዝቡ መሀል አንድ ድምፅ ስለ ማዳበሪያው ጠየቀ። የጠያቂውን ፊት መድረክ ላይ የነበሩት አላዩም። «አዛናው ነው?» ብለው የሰማኸኝን አባት ጠየቁት። አባቱ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። በሳምንቱ አዛናውን ወሰዱት፤ አልተመለሰም። የደረሰ ሩዙን ሊያጭድለት የደፈረ ጠፋ፤ እንደቆመ ወፍ ጨረሰው። ሰማኸኝ ትምህርት ቤት ሲመጣ በዚያ በኩል ያልፋል፤ ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ ገለባው ሲንሿሿ ይሰማዋል። አባቱም አንዳንዴ ጉርሻው እጁ ላይ እንዳለ ያቆምና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ራሴን ነው እኮ የነቀነቅሁት፤ ከአፌ ቃል አልወጣም» ይላል።

«እሽ? የማን እጅ ነው?» አለ አያልነህ። «አንተም ትጠቀማለህ። ለወጣቶች ሥልጠና ባሕር ዳር የሚሄድ ልጅ እየመረጥን ነው።»

ሰማኸኝ አንገቱን እንኳ ለማንቀሳቀስ ፈራ።

«ካላወቅኸውም ችግር የለ። ደብተሮቹን እዚህ አስቀምጥና ሂድ፤ እኔው አስተያያቸዋለሁ።»

«አላውቅም» ሊል ከፍቶት የነበረውን አፉን ዘጋ። አላውቅም ቢል ደብተሩ ይናገራል። ጠረጴዛው አንድ እርምጃ ነው የሚርቀው። ክምሩን ወደ ደረቱ አስጠግቶ፣ በአገጩ ጫን አድርጎ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«አንተ! እያነጋገርሁህ እኮ ነው!»

በሩን በክርኑ ገፍቶ ወጣ። ወንበሩ ሲንቋቋ ከኋላው ሰማ፤ ከዚያ የጫማ ድምፅ። አያልነህ ደፉ ላይ መጥቶ ቆሟል፤ ልጁ የማንን ፊት እንደሚያይ ሊጠብቅ።

ልዕልት መንገዱ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ቆማለች።

«አለቃ፣ ደብተራችንን ወዴት ነው የምትወስደው?» አለችው። «አንተን እኮ ነው!»

ሰማኸኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ እንደማያውቃት ሰው በአጠገቧ አለፈ።