ስድሳኛው ተሳታፊ

ሟቹ የተገኘው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ቀኝ እጁ በረዶው ቀልጦ ባለቀበት ሳፋ ውስጥ ነበር፤ የደም ግፊት መለኪያው ከግራ ክንዱ አልተፈታም። የጥሪው ደወል ጉልበቱ ላይ ነበር።

ክፍሉ ተማሪዎች ጭንቀት የሰውን ጤና እንዴት እንደሚጎዳ የሚያጠኑበት ነው። የተሳታፊን እጅ በረዶ ውስጥ ያስነክራሉ፣ ከሺህ ወደ ኋላ በአሥራ ሦስት እያስቀነሱ ያስቆጥራሉ፣ ግፊቱን በየሁለት ደቂቃው ይመዘግባሉ። ሟቹ ከአጥኚዎቹ አንዱ ነበር፤ ሳቂታው ይሉታል። ሰው ሲጎድል ራሳቸው ይቀመጣሉና፣ ስድሳኛ ሆኖ ተቀመጠ።

መርማሪዋን መምህሩ በር ላይ ተቀበላት።

«የልብ ሕመም ነበረበት አሉ። ቅጹ ላይ ግን ‹የለብኝም› ብሏል። ደብቆን ነው፤ በገዛ እጁ ነው።»

መቼም ሬሳ አይከራከር። ነገር ግን እናትየው የልጃቸውን ጃኬት ታቅፈው እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ልጄ አይዋሽም» አሉ። «ሞቱንስ ሞተ፣ ምን አደርጋለሁ። ውሸታም ብላችሁ ግን አታስቀብሩኝም።»

«እሺ እማማ» አለች መርማሪዋ። ቃል መግባት አትወድም፤ ይህን ግን ገባች።

የግፊት መመዝገቢያው ፊርማ የለውም። እስከ ሃያኛው ደቂቃ ተሞልቷል። እሱን ያመነ ሰው፣ ልጁ ፈተናውን በደህና ጨርሶ ብቻውን ሲያርፍ ሞተ ይላል። መዝጋቢው ማን ነበር ሲባል መምህሩና ሁለቱ ተማሪዎች ሦስቱም ከደሙ ንጹሕ ነን ባዮች ሆኑ። መምህሩ ስብሰባ ላይ ነበርኩ አለ። ቁጥር የሚያሰላው ተማሪ፣ ሒሳቤ የሚሉት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ነበርኩ አለ።

«ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ነበር። ቁጥር ሲያመጡልኝ እደምራለሁ፤ ከየት መጣ አልልም።»

«ሳቂታው ሰሞኑን እንዴት ነበር?»

«ዝም ብሎ ነበር። ምን ሆንክ ብዬ ልጠይቀው አስቤ ረሳሁት። ጭንቀት አጥኚ ነኝ እኮ።»

ሦስተኛዋን በዕድሜ ስለምትበልጣቸው እትዬ ይሏታል። አሥራ አንድ ዓመት ነርስ ሆና ሠርታ ነው ወደ ትምህርት የተመለሰችው።

«በረዶውን አዘጋጅቼለት ወጣሁ» አለች። «መለኪያውን እነሱ ናቸው የሚነኩት። እኔ የለመድኩት የሜርኩሪውን ነው፤ ይሄ ማሽን አይገባኝም።»

መርማሪዋ የማሽኑን ቁልፍ ተጭና አየች፤ የሌሎቹን ተሳታፊዎች ወረቀት አንድ በአንድ ገለጠች። ከዚያ እናትየው ዘንድ ሄዳ ጃኬቱን ለመነቻቸው።

በአሥር ሰዓት ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች።

«ይህ ማሽን የለካውን ያስቀምጣል» ብላ ጀመረች። «አራት ጊዜ ለክቷል፤ ከስምንተኛው ደቂቃ ወዲያ የለም። ወረቀቱ ላይ ግን አሥር ልኬት አለ። ስድስቱን አንድ ሰው ከራሱ አፍልቆ ጽፏል።»

«ማን?» አለ መምህሩ።

«ማሽኑ ከለካው ውስጥ መቶ ሠላሳ ሰባት አለ፣ ሰማንያ ዘጠኝ አለ። ከፈጠራው ውስጥ ግን ለሁለት የማይካፈል ቁጥር አንድም የለም። የሜርኩሪው መለኪያ መስመር ሁለት ሁለት እየዘለለ ነው። በእሱ የኖረ እጅ መቶ ሠላሳ ሰባት ብሎ መጻፍ አያውቅም። እንዲህ ያሉ ሌሎች አሥራ አንድ ወረቀቶችም ፋይሉ ውስጥ አሉ፤ ሰው ያልተቀመጠባቸው። ሳቂታው ደርሶብሻል፣ እትዬ።»

እትዬ አልካደችም። «እስከ አርብ አንቺ ንገሪያቸው፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ አለኝ።»

«ቅጹስ?» አለ መምህሩ። «የሞላው ራሱ ነው።»

መርማሪዋ ከጃኬቱ ኪስ ያገኘችውን የታጠፈ ወረቀት ዘረጋች። «ተሳታፊ ሁሉ የቅጹን ግልባጭ ይዞ ይሄዳል፤ ደንቡ የእናንተ ነው። እሷ ዋናውን ለወጠች፤ ግልባጩን ግን ረሳችው። ባልደረባዋን እንደ ተሳታፊ አልቆጠረችውም። ‹የልብ ሕመም አለብዎት?› ይላል፤ ‹አዎ› ብሎ መልሷል።»

«እያወቀ ለምን ተቀመጠ?» አለ ሒሳቤ።

«ነርስ ነኝ፣ አጠገብህ ነኝ፣ ትንሽ ከተሰማህ ደውል አልኩት» አለች እትዬ። «አንድ እንኳ እውነተኛ ወረቀት ይኑረኝ፣ ከዚያ ራሴ እናገራለሁ አልኩት። ደስ አለው።»

«ደወለ?»

«ቀጣዩ ክፍል ገብቼ ሳለሁ፣ ሁለት ጊዜ። ልነሳ ነበር። አርብ ትዝ አለኝ፤ ቁጭ አልኩ።»

ሒሳቤ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እናትየው ተነስተው ወረቀቱን ተቀበሉ።

«‹አዎ› የምትለው የቷ ናት?»

መርማሪዋ አሳየቻቸው። በጣታቸው ዳሰሷትና ወደ መምህሩ ዞሩ።

«ደብቆን ነው ያልከው አንተ ነህ። መልሰህ በል።»

«አልደበቀም» አለ መምህሩ መሬት መሬት እያየ።

«ጮክ በል። ደወል እንኳ የማትሰሙ ሰዎች ናችሁ።»

«ልጅዎ አልዋሸም።»

እናትየው ወረቀቱን አጥፈው ጃኬቱ ኪስ ውስጥ መለሱት። መርማሪዋ ማስረጃ ነው ልትል አፏን ከፍታ ተወችው።

«እንግዲህ ልቅበረው» አሉና ወጡ።